ያልታጠበው ጡብ

እትዬ ፏ የሚለውን ስም ያወጡላት የማሳያ ቤቱ ትኬት ቆራጮች ናቸው። የእናት የአባቷ ስም ሌላ ነው፤ በእሱ ግን ከደመወዝ ከፋዩ በቀር የሚጠራት የለም። እሷ ያለፈችበት ወለል ፏ ይላል፣ የነካችው መስታወት ፏ ይላል፣ የበር እጀታው ሳይቀር ፏ ይላል። ስሙን መጀመሪያ የሰማች ቀን አልተቆጣችም። መወልወያዋን ግድግዳው ላይ አስደግፋ፣ ወገቧን ይዛ፣ «ፏ ያላለ ነገር ካያችሁ አሳዩኝ፤ ያን ጊዜ ስሜን ትቀይራላችሁ» አለቻቸው። የሚያሳያት ስላልተገኘ ስሙ እንደጸደቀ ቀረ።

ማሳያ ቤቱ ባሕሩ ዳር ነው። ፊት ለፊት ሕዝብ በትኬት የሚገባበት አዳራሽ አለ፤ ዓሣው፣ ኤሊው፣ ጃንጥላ መስሎ ከፍ ዝቅ የሚለው ጄሊፊሽ ሁሉ በየመስታወት ገንዳው ይታያል። ከአዳራሹ ጀርባ ላቦራቶሪው፣ ከላቦራቶሪው ጀርባ ደግሞ የባሕሩን ውኃ ስቦ ለሁሉም የሚያዳርሰው የፓምፕ ቤት ነው። እትዬ ፏ ከፓምፕ ቤቱ በቀር የሁሉም በር ቁልፍ አላት። በጥቁር ገመድ አስራ አንገቷ ላይ ታጠልቃቸዋለች። ስትሄድ ስለሚንቃጨሉ ወለል ላይ ሊተፋ የቃጣው ሰው ካለ ገና ከሩቅ ሰምቶ ምራቁን ይውጣል።

የፓምፕ ቤቱን ነገር ባያነሱባት ይሻላል። እዚያ የሚሠራው ሰውዬ፣ ራሷ አባ ዝገት ብላ የሰየመችው፣ በረኪና ይዛ ደጁን እንድትረግጥ አንድ ቀን እንኳ ፈቅዶ አያውቅም። እሱም እንደ እሷ የዚህ ቤት ነባር ነው። ባልዲዋን ይዛ በመጣች ቁጥር በሩን በትከሻው ይሞላና፣ «ይሄ የማሽን ቤት ነው፣ ሳሎን አይደለም» ይላታል። እሷም በትከሻው በኩል አሾልቃ አረንጓዴ የለበሰውን ግድግዳ፣ ውኃ መግቢያው ቦይ ውስጥ ቱቦውን ተጭነው የተቀመጡትን እድፍ የጠገቡ ጡቦች ታያለች። አይታም ትንገበገባለች።

ከዚያ በር በቀር ያልደፈረችው የለም። አንድ ጊዜ አንድ ትልቅ እንግዳ አጀብ አስከትሎ፣ የወደቡን ጭቃ በጫማው ተሸክሞ መጣ። ሥራ አስኪያጁ ጎንበስ ቀና እያለ ሊያስገባው ሲል እትዬ ፏ መወልወያዋን በሩ ላይ አጋደመችው። «ጌታዬ፣ እርስዎ ይግቡ፤ ጫማዎ ግን እዚሁ ይጠብቅዎት» አለች። የሥራ አስኪያጁ ፊት አመድ መሰለ። እንግዳው ደግ ሰው ነበርና ጫማውን አውልቆ በካልሲው ገባ፤ አንደኛው ካልሲ አውራ ጣቱ ላይ ቀዳዳ ነበረው። ትኬት ቆራጮቹ እስከ ዛሬ ያንን ቀዳዳ ባነሡ ቁጥር ይስቃሉ። ሥራ አስኪያጁ ግን ስቆ አያውቅም።

እንቢታዋ ለጨዋታ ብቻ አልነበረም። ባሏ የወደብ ጫኝ ነበር፤ ሲሞት ልጃቸው ገና ድክ ድክ የምትል ነበረች። የባሏ ወንድሞች ተሰብስበው፣ ሕፃኗን እኛ እናሳድጋለን፣ አንቺም እናትሽ ቤት ገብተሽ ተቀመጪ ብለው ወሰኑላት። ያልጠየቀችውን ምክር ሰምታ ከጨረሰች በኋላ ብርጭቆዎቹን ከፊታቸው አንሥታ ማጠብ ጀመረች። ጀርባዋን እንደ ሰጠቻቸው፣ «ወሰናችሁ? እኔም ሥራ ይዣለሁ» አለቻቸው። ሥራ አልያዘችም ነበር፤ የያዘችው በማግስቱ ነው። ወንድሞቹ አኮረፉ፣ ዘመድ አወራ፣ እሷ ግን ጆሮ ዳባ ልበስ ብላ በጉልበቷ ተንበርክካ ወለል እየፈተገች ልጇን ፋርማሲስት አደረገቻት።

ችግሩ ልጅቷም የእናቷ ልጅ መሆኗ ነው። ትዳር ይዛ፣ ዳገቱ ላይ ቤት ሠርታ፣ ለእናቷ አንድ ክፍል አዘጋጀች። ክፍሉ ከላይ እስከ ታች ነጭ ቀለም ተቀብቷል፣ አዲስ አልጋ ገብቶበታል፣ ወለሉም እርጥብ ጨርቅ ብቻ የሚበቃው ሴራሚክ ነው።

«እማዬ፣ በቃሽ» ትላታለች በመጣች ቁጥር። «ጉልበትሽ አልቋል። ደረጃ ስትወጪ ሲንቋቋ ይሰማኛል።»

«እሱ ቁልፉ ነው» ትላለች እናት።

ጭቅጭቁ ሲሰለቻት አንድ ቀን ነገሩን ለመዝጋት ብላ ቃል ገባች። «ሥራዬን ያበላሸሁ ዕለት እሺ፣ ሻንጣዬን ይዤ እመጣለሁ። እስከዚያ ስለ ክፍልሽ አታንሺብኝ» አለቻት። ሥራ አበላሽታ ስለማታውቅ ቃሏ የሚደርስባት አልመሰላትም። አፏ ነው ጉድ የሠራት።

ጉዱ የመጣው በላቦራቶሪው በኩል ነው። እዚያ የምትሠራ ዶክተር አለች፤ ሰው የምታክም ሳትሆን ኮራል የምታሳድግ። ኮራል ማለት የድንጋይ ቤቱን ራሱ እየገነባ ባሕር ሥር የሚኖር እንስሳ ነው። ወደቡ ፊት ለፊት የነበረውን ሁሉ ሙቀቱና ደለሉ ጨርሶት፣ ከዚያ የተረፈች አንዲት የጎመን ራስ የምታህል ኮራል በዶክተሯ ገንዳ ውስጥ ትኖራለች። ዶክተሯ ይህች ኮራል እስክትወልድ ዐይኗ ተንከራቷል። ልጆቹ የሚቀመጡባቸውን የሸክላ ንጣፎች አሠርታ፣ ባሕር ውስጥ አስጥላ፣ ወራት አስቆይታ አወጣቻቸው። የወጡት ዝልግልግ ለብሰው፣ አልጌ በቅሎባቸው፣ እየሸተቱ ነው። በባሕር ውኃ በተሞላ ትልቅ ባልዲ አድርጋ ኮሪደሩ ላይ አስቀመጠቻቸውና ደክሟት ስለነበር ልታርፍ ወደ ቤቷ ሄደች።

ለሁሉም ሰው ተናግራ ነበር። ለረዳቶቿ፣ ለዓሣ መጋቢው፣ ለጥበቃው ሳይቀር፣ ይህን ባልዲ እንዳትነኩ ብላለች። መወልወያ ለያዘችው ግን ማን ይናገር? ቤቱን በሙሉ ለምትነካ ሴት ምን እንደማይነካ የሚነግራት አይገኝም። ነገሩ ያናድዳል፣ ግን በየመሥሪያ ቤቱ ያለው ይኸው ነው።

ማግስቱ የእረፍት ቀን ስለነበር ከእትዬ ፏና ከጥበቃው በቀር የገባ አልነበረም። ባልዲውን ስታየው ደሟ ፈላ። ማነው ይሄን ቆሻሻ እኔ ኮሪደር ላይ የጣለው ብላ እጅጌዋን ሰበሰበች። በፈላ ውኃ ዘፈዘፈች፣ በሽቦ ፈተገች፣ በበረኪና ደገመች፣ ደጋግማ አለቀለቀች፣ ፀሐይ ላይ ደርድራ አደረቀች። ከዚያ በንጹሕ ፎጣ ላይ አሰልፋ የዶክተሯ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠችላት። ሸክላዎቹ ከእሳት የወጡ ዕለት እንኳ እንደዚያ አላማሩም።

ኮራሏ የወለደችው በሚቀጥለው ንጋት ነው። ዶክተሯ ስትደርስ ከገንዳው የሚፈሰውን ውኃ የሚያጠልለው ወንፊት በልጆች ተሞልቶ አገኘችው። ደስታዋን ለማን እንደምትናገር ጨንቋት ዞር ስትል ጠረጴዛዋ ላይ የተሰለፉትን ነጫጭ ሸክላዎች አየች።

«አየሽልኝ?» አለች እትዬ ፏ ከኮሪደሩ፣ በኩራት።

ዶክተሯ አልጮኸችም። ወንበር ስባ ተቀመጠችና አንዱን ሸክላ አንሥታ በጣቷ ዳበሰችው። «እትዬ፣ አንቺ ነሽ ያጠብሽው?»

«ሌላ ማን ያጥበዋል?»

«እኔ እኮ እድፉን ነበር የምፈልገው» አለች ዶክተሯ።

እትዬ ፏ ነገሩ አልገባትም። እድፍ የሚፈልግ ሰው በዕድሜዋ ገጥሟት አያውቅም። ዶክተሯ እጇን ይዛ ወደ ማይክሮስኮፑ ወሰደቻትና አጎነበሰቻት። መጀመሪያ ያየችው ብርሃን ብቻ ነው። ኋላ ከሰሊጥ ፍሬ የሚያንሱ፣ ቡናማ፣ በአንድ በኩል ወፈር ያሉ ነገሮች እየተሽከረከሩ ሲዋኙ አየች። ገላቸውን ሙሉ የሸፈነው ስስ ፀጉር ያለ ዕረፍት ይርገበገባል።

«ፕላኑላ ይባላሉ፤ የኮራል ሕፃን ማለት ነው» አለቻት ዶክተሯ። «አዳራሹ ውስጥ ያለው ጄሊፊሽም ሕፃንነቱ እንደዚሁ ነው። ኮራል በዕድሜው እንደ ልቡ የሚዋኘው አሁን ብቻ ነው። ይወርድና መሬቱን ይነካካል፤ ካልጣመው ተነሥቶ ይሄዳል። ከጣመው ይጣበቃል። ከተጣበቀ ደግሞ እስኪሞት አይነሣም።»

«ታዲያ የኔ ሸክላ ምን አለው?»

«ንጹሕ ነው። ንጹሕ ነገር ላይ አይቀመጡም። ሌላ ነፍስ ቀድሞ የኖረበትን፣ ሮዝ ቅርፊት ያወጣውን፣ ያረጀውን ነው የሚፈልጉት።»

ለማንኛውም ብለው አንዱን ሸክላ ገንዳ ውስጥ አስገቡት። እትዬ ፏ መወልወያዋን ጥላ አጠገቡ ቆመች። አንዱ ፕላኑላ ወረደ፣ በወፍራም ጫፉ ሸክላውን ነካ አደረገ፣ ዞር አለ፣ ተነሥቶ ሄደ። ሌላውም መጥቶ እንደዚያው አደረገ። ስንቁን በሆዱ ይዞ የሚዋኝ ፍጥረት ነው፤ አቅሙ እስኪያልቅ ይፈልጋል፣ ካጣ ግን በዚያው ያልቃል። እሷ ያንን ስትሰማ አፈረች፤ ከማፈሯም በላይ ተናደደች። በሸክላው ልትኮራ የነበረች ሴት አሁን በሰሊጥ ፍሬ ተንቃ ቆማለች።

ወሬው ውሎ ሳያድር ሥራ አስኪያጁ ዘንድ ደረሰ። ካልሲውን ያልረሳ ሰው ነውና ፈጥኖ መጣ።

«እናቴ፣ ደክመዋል» አለ፣ ድምፁን አለስልሶ። «ከዚህ በላይ አናስቸግርዎትም። የጡረታዎን ነገር እናስጨርሳለን፤ ቁልፉን ለጥበቃው ያስረክቡ። ለልጅዎም አስደውያለሁ።»

እትዬ ፏ ቁልፎቹን በመዳፏ ጨበጠች። «ያበላሸሁት እኔ ነኝ፤ አልካድኩም። ሳላስተካክለው ግን የትም አልሄድም።»

«ምኑን ያስተካክሉታል? ወራት የፈጀ ነገር እኮ ነው።»

«እሱን ለኔ ይተዉት። ቁልፉን ከፈለጉ ደግሞ ከነአንገቴ ይውሰዱት።»

ሥራ አስኪያጁ ግራ ቀኝ አየና አንገት የሚወስድለት ሰው ስላጣ ተመለሰ። እሷም እንዲህ አፏን ሞልታ ስትናገር በእጇ አንዳች መላ አልነበራትም። ከሰዓት በኋላ ልጇ ደወለች። «እማዬ፣ ቃልሽን ታስታውሻለሽ አይደል? ቅዳሜ መጥቼ እወስድሻለሁ» አለቻት። ደስ ያላት አትመስልም፤ አዝናለች። ያ ነው እትዬ ፏን የባሰ ሆድ ያስባሳት፣ ምክንያቱም ከሚያዝንላት ሰው ጋር መጣላት አትችልበትም።

ባልዲዋን ደፍታ ተቀመጠችበትና አሰበች። የሚፈለገው ያረጀ እድፍ ነው። በዚህ ቤት ውስጥ ያረጀ እድፍ የት ይገኛል? ተነሥታ ዞረች። የገንዳዎቹን ሥር፣ የበሮቹን ሥር፣ የውኃ መውረጃውን ክዳን ገልብጣ አየች። ሁሉም ፏ ብሏል። የሰው ልጅ በገዛ እጁ እንዲህ ይጎዳል ብላ ራሷን ረገመች። ኮሪደሩ ጫፍ ላይ ስትደርስ የፓምፑ ድምፅ ሲንኳኳ ሰማችና ቆመች። ወዲያው ያ ቦይና እነዚያ ጡቦች ትዝ አሏት።

አባ ዝገት በር ላይ ሲያያት እንደ ልማዱ ትከሻውን አሰፋ። እጇ ባዶ መሆኑን ሲያይ ግን ግራ ገባው።

«ዛሬ ደግሞ ምን ፈልገሽ ነው?»

«ጡብ ስጠኝ። ከነእድፉ።»

«አሞሻል እንዴ?»

ነገረችው። ሰውዬው እስከ መጨረሻው ካዳመጠ በኋላ ፓምፑን ደገፍ ብሎ መሳቅ ጀመረ። እንባው እስኪወርድ ሳቀ፤ ያቆመ ሲመስል ፊቷን አይቶ እንደገና ይጀምራል። እሷ እጇን አጣጥፋ ጠበቀችው። «ስትጨርስ ንገረኝ» አለችው።

«እሺ፣ እሰጥሻለሁ» አለ ዐይኑን እየጠረገ። «ግን ማዪልኝ። ከዛሬ ጀምሮ በረኪና ይዘሽ ይሄን በር አታልፊም።»

እትዬ ፏ ከኋላው ያለውን አረንጓዴ ግድግዳ አየችው። ይህን ግድግዳ ለማጠብ ስትመኝ ነው ፀጉሯ የሸበተው። «ማልኩ» አለች፣ ጥርሷን ነክሳ። «አንተም ጡቡን ከመንካትህ በፊት እጅህን ታጠብ፤ ዘይት በዘይት ነህ።»

ታጠበ። ቦዩ ውስጥ ገብቶ ቱቦውን የተጫኑትን ጡቦች እንደ ሕፃን አቅፎ አወጣቸው። ሲገለብጣቸው ታችኛው ጎናቸው ቀለም የተቀባ ይመስል ሮዝ ቅርፊት ለብሷል። አየር እንዳይነካቸው በባሕር ውኃ ባልዲ አድርገው ተሸክመው ሄዱ። ዶክተሯ አንዱን ጡብ አገላብጣ አየችና ወደ ብርሃኑ አስጠጋችው። «ከየት አመጣሽው?» አለች።

«ካላጠብኩት ቤት» አለቻት እትዬ ፏ።

ከዚያ መጠበቅ ሆነ። ጡቦቹ ገንዳው ሥር ተደረደሩ። የመጀመሪያው ቀን ልጆቹ ላይ ላዩን ሲዋኙ ዋሉ፤ የእትዬ ፏ ልብ እየከዳት ሄደ። አባ ዝገት ጡቤን ልይ እያለ በየሰዓቱ ብቅ ይላል፣ በመጣ ቁጥር እጁን ታጥቦ ነው። በሁለተኛው ቀን አንዱ ፕላኑላ ወረደ። ቤት እንደሚከራይ ሰው ጥግ ጥጉን ነካካ፣ ጡቡ ላይ ቀጥ ብሎ ቆመ፣ በቆመበት ተሽከረከረ። ተነሥቶ ሄደ፣ ግን ብዙ ሳይርቅ ተመለሰና እዚያው ቀረ። በማግስቱ ጠዋት ሲታይ ተጠፍጥፎ የሸሚዝ ቁልፍ መስሏል፤ ላዩ ላይም እንደ ብርቱካን ክፋይ መስመር አውጥቷል። ከጎኑ ብዙዎች አሉ። ጨለም ባለው በታችኛው ጎን ደግሞ ተጨናንቀው ተቀምጠዋል።

ሥራ አስኪያጁ መጥቶ አየ፤ ግን ስለ ጡረታው የጀመረውን ሊቀጥል አፉን ከፈተ። ዶክተሯ ቀደመችው። «ለሁሉም ስናገር ለእሷ ያልተናገርኩት እኔ ነኝ። የምታስወጧት ከሆነ አብሬ ነው የምወጣው።» ሰውዬው ለጊዜው ይሁን፣ ኋላ እናየዋለን ምናምን እያለ ወጣ። ሲወጣ ጫማው ወለሉን እንዳያቆሽሸው ሳይታወቀው በጥንቃቄ ይራመድ ነበር።

ቅዳሜ ልጇ ባዶ ሻንጣ ይዛ መጣች። እትዬ ፏ ወደ ማይክሮስኮፑ ወሰደቻትና አጎነበሰቻት። ልጅቷ ብዙ አየች። አፍ ያወጡ፣ በአፋቸው ዙሪያ ጣት የመሰለ ነገር መዘርጋት የጀመሩ ነበሩ።

«ያምራሉ» አለች ቀና ብላ። «ግን ቃልሽስ፣ እማዬ?»

«ቃሌን አጥፌያለሁ።»

«እንዲሁ በቀላሉ?»

«በቀላሉ አይደለም። ግን አጥፌያለሁ፤ ያሻሽን በዪኝ።»

የልጅቷ ፊት ተለዋወጠ። «ክፍሉ ምን ጎደለው? ንጽሕና ትወጃለሽ ብዬ ነው እኮ ሁሉንም ነጭ ያደረግኩት። በእጄ ነው የፈተግኩት። እኔ ቤት መኖር አስጠላሽ?»

እትዬ ፏ የልጇን እጅ ያዘች፤ ያ እጅ በረኪና በረኪና ይሸት ነበር። «ምንም አልጎደለውም፣ ልጄ። ከኔ ሥራ እንኳ ይበልጣል። ግን የኔ የሆነ አንድም እድፍ የለበትም።» ወደ ኮሪደሩ ጥግ በአገጯ አመለከተቻት። «እዚያ ጋ ካርቶን ውስጥ አስተኝቼሽ ነበር የምወለውለው። ስትነቂ በመወልወያው እንጨት ትጫወቺ ነበር። ሁሉም፣ እዚህ ሂጂ፣ እዚያ ተቀመጪ ሲለኝ እኔ ይሄንን ቦታ መረጥኩ። ተጣብቄያለሁ። አሁን ፍቀሽ ብትወስጂኝ ሙሉዬን አታገኚኝም።»

ልጅቷ ጥጉን አየች፣ ከዚያ ጡቡን አየች፣ ከዚያ ሻንጣውን መሬት ላይ አስቀመጠችው። «ታዲያ ክፍሉን ምን ላድርገው?» አለች።

«ልጆችሽን አስገቢበት። ከነጫማቸው ይግቡ፣ ግድግዳው ላይ ይሳሉ፣ ያፍስሱበት፣ ይሰባብሩበት። እንዳታጥቢው» አለች እትዬ ፏ። «ሰው የኖረበት ሲመስል ንገሪኝ፤ መጥቼ ነካ ነካ አድርጌ አየዋለሁ።»

ልጅቷ እንባዋን በእጇ ጀርባ እየጠረገች ሳቀች። እናትየው ባልዲዋን አነሣችና ለሕዝብ የሚከፈተውን አዳራሽ ልትወለውል ሄደች። ቁልፎቿ ሲንቃጨሉ ከወዲያ ማዶ አንዱ ምራቁን ዋጠ።